ዲከረንሱ በዋግ ደረቀ፤ መሬቱን ምን እናድርገው?

ጠያቂ፦ የአዊ ልጅ ከባህር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ በአዊ ዞን፣ ከአዲስ ቅዳም በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቀበሌ ይኖራሉ። ያላቸው መሬት ስድስት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ተኩል ሲሆን አራቱ ቃዳ በዲከረንስ የተሸፈነ ነው፤ የቀረው ለገብስ፣ ለድንችና ለጓሮ አትክልት ይውላል። አካባቢውን ለማያውቁ ለማስረዳት ያህል፣ ዲከረንስ የምንለው ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ችግኙ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ጥላው ስለሚገጥም ለብቻው እንዲያድግ ይተዋል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰልና መሬቱ ታርሶ እንደገና ከጤፉ ይጀመራል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሳተላይት ምስል ሳይቀር እስኪታይ ድረስ አረንጓዴ የለበሰው በዚህ መንገድ ነው።

እኔም የተማርሁት በዚህ ዛፍ ገንዘብ ነው። የቤታችን ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተለወጠው በመጀመሪያው ቆረጣ ነው፤ የኮሌጅ ወጪዬ የተሸፈነው በሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ተክል ግን ሦስት ዓመት እንደሞላው ዋግ መታው። ለመስቀል ወደ ቤት ስሄድ ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ እባጭ አየሁ፤ አንዱን ቅርንጫፍ ይዤ ሳራግፈው መዳፌ በርበሬ የነካ መሰለ። ለገና ስመለስ አብዛኛው ዛፍ ቅጠሉን ጨርሶ እንደ ደረቅ መጥረጊያ ቆሞ አገኘሁት። የጎረቤቶቻችን ማሳም ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ቤተሰቡ ሊስማማ አልቻለም። አባቴ ዕድሜያቸው ሰባ ስለደረሰ ብዙ ጉልበት የማይጠይቅ ነገር ይሻላል በማለት ባህር ዛፍ እንትከል ይላሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አራቱንም ቃዳ ነቅለን ድንች እናድርገው ባይ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መሬቱ ኮምጣጣ (አሲዳማ) ስለሆነ ያለ ኖራ ምንም አትዝሩ ብሎናል፤ ይሁን እንጂ ለኖራው ሁለት ዓመት ተመዝግበን እስካሁን አንድ ኩንታል አልደረሰንም።

ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ዙር ከቆረጣው በኋላ ጤፍ ስንዘራ፣ የከሰል ክምሩ የነደደባቸው ክብ ክብ ቦታዎች ላይ የበቀለው ጤፍ ከሌላው ማሳ ተለይቶ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እስከ ወገብ ይደርስ ነበር፤ ከክቡ አንድ እርምጃ ወጣ ሲባል ግን ቢጫና አጭር ነው። አባቴ «የዛፉ ደም ነው» ይላሉ። ይህ ነገር ስለ መሬታችን የሚናገረው ቁም ነገር ይኖር ይሆን? የደረቀውን ዛፍስ አሁን እንቁረጠው ወይስ በክረምቱ ያገግም እንደሆነ እንጠብቀው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ገበሬው ከባንጃ

የአዊ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔም ሦስት ቃዳ ዲከረንስ በዚሁ ዋግ ያጣሁ ገበሬ ነኝ። ስልኩ ላይ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እርሷ ቋንቋዬን ታስተካክላለች።

መጠበቁን ተዉት። እኔ «ክረምቱ ያነሣው ይሆናል» ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ፤ ያተረፍሁት ነቀዝ ብቻ ነው። ቆሞ የከረመ ደረቅ ዛፍ ውስጡ ይበሳሳል፤ ሲከሰል ግማሹ አመድ፣ ግማሹ ደቃቅ ይሆናል፤ ነጋዴውም የከሰሉን ጆንያ ገና ከፍ አድርጎ ሲይዘው ክብደቱን ያውቅና ዋጋውን ይሰብራል። አሁን ጥር ነው፤ ከሰል አክሳይ ሳይወደድና የመጋቢት ዝናብ ክምሩን ሳያበላሽባችሁ ቁረጡት። የሦስት ዓመት ዛፍ ቀጭን ስለሆነ የአምስት ዓመቱን ያህል አያወጣም፤ ቢሆንም የቆረጣውንና የእርሻውን ወጪ ይሸፍናል። ቀጫጭኑን ለብቻ፣ ወፈር ያለውን ለብቻ ከምሩት፤ ተቀላቅሎ ሲነድ ቀጭኑ አመድ እስኪሆን ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው።

ስለ ባህር ዛፉ አባትዎን አይቆጧቸው፤ የሚሉት ለእርሳቸው ዕድሜ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ዲከረንስ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ይሞታል፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ይቻላል፤ ጉቶውም ለማገዶ ይሆናል። ባህር ዛፍ ግን በቆረጡት ቁጥር ይበዛል፤ አንዱ ጉቶ አራትና አምስት ሆኖ ይነሣል። አንድ ጊዜ ከተከላችሁት ያ መሬት የልጅ ልጃችሁም ባህር ዛፍ ነው፤ ወንድምዎ ነገ ድንች ልዝራበት ቢል ጉቶውን ለማስነቀል የሚያወጣው ገንዘብ ከድንቹ ይበልጣል። ድንበርተኛም አለ። የአጎቴ ባህር ዛፍ የጎረቤቱን ገብስ ስላቀጨጨው ሁለቱ ቤተሰቦች ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ በመካከላቸው ቦይ እንዲቆፈር ተወስኖ ነበር፤ ቦዩን ማን ይቆፍር በሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገርዎ። አንዱን ቃዳ ግብጦ የሚባለውን መራራ ጥራጥሬ ዘራሁበት። ግብጦ አንድ ጊዜ አርሰው ቢዘሩት ይበቅላል፤ ኮምጣጣ መሬት አይፈራም፤ ምሬቱን ስለሚያውቁት ከብቶችም አይደፍሩትም። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ መሬት ገብስ ዘራሁበት፤ ግብጦ ካልነካው ማሳ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከመንገድ ይታያል። ጉዳቱን አልደብቅም፤ የግብጦ ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ የሚገዛው በአብዛኛው አረቄ አውጪ ነው፤ ለቤት ደግሞ ተቆልቶ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ አይበላም፤ ባለቤቴም «ወንዝ ለወንዝ ያዋልኸኝ አንተ ነህ» ትለኛለች።

መልስ፦ የአፈር ባለሙያ

የጥያቄዎ ዋና ነገር የከሰል ክምሩ ክብ ላይ ነው፤ አባትዎ «የዛፉ ደም» ያሉትም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ዛፉ በዕድሜው ከጥልቅ አፈር የሳበው ካልሲየምና ፖታሲየም ሲቃጠል አመድ ውስጥ ይቀራል፤ አመድ ደግሞ እንደ ኖራ ሁሉ የአፈርን ኮምጣጣነት ይሰብራል። ስለዚህ ያ ክብ ቦታ ሳታውቁት የተካሄደ የኖራ ሙከራ ነው። ጤፉ ክቡ ላይ ለምልሞ ከክቡ ውጪ ከቀጨጨ፣ ከዝናብም ከዘርም በፊት ሰብሉን የያዘው ኮምጣጣነቱ ሳይሆን አይቀርም። ከክብ ውጪ ያለ የገብስ ቡቃያ በጥንቃቄ ከነሥሩ ነቅላችሁ አፈሩን በውኃ ብታጥቡት፣ ሥሩ አጭር፣ ወፈር ያለና ጫፉ የደነዘዘ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ስለሚመርዘው ነው። ፎስፈረሱም በዚያው ይታሰራል፤ ስለዚህ በውድ ዋጋ የተገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ እያለ ተክሉ አያገኘውም። ይህ የእናንተ ቀበሌ ብቻ ችግር አይደለም፤ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው፤ ዝናብ የሚበዛበትና አፈሩ ቀይ የሆነው የጎጃም ደጋ ደግሞ በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ዲከረንሱ በዚህ ውስጥ የነበረውን ድርሻ መረዳት ይጠቅማል። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ጨምሯል፤ ቅጠሉም ብስባሽ ሆኗል፤ ኮምጣጣነቱን ግን አክሟል ብላችሁ አትጠብቁ። ገብስና ስንዴ እንቢ ባለው መሬት ላይ ዛፉ እሺ ብሎ ስላደገና ገንዘብ ስላመጣ፣ የመሬቱ በሽታ ለአሥር ዓመት ያህል ከዓይን ተሰውሮ ቆየ። አሁን ዛፉ ሲሄድ ችግሩ በነበረበት ቦታ ተገኘ። በእኔ እምነት የምትከራከሩበት ጉዳይ ባህር ዛፍ ወይስ ድንች መሆኑ ራሱ ቀድሟል፤ በመጀመሪያ አፈሩ ይመርመር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንዱ ቃዳ ውስጥ በዚግዛግ እየተዘዋወራችሁ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እኩል እኩል አፈር ውሰዱ። የከሰል ክምር የነበረበትን፣ ከብት ያደረበትንና የአጥሩን ዳር ተዉት፤ ውጤቱን ያሳስቱታል። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህሉን በጥላ ሥር አድርቃችሁ፣ ማዳበሪያ ያልነካው ፌስታል ውስጥ አስገቡና ስም ጻፉበት። እርስዎ ባህር ዳር ስለሆኑ እዚያ ወዳለው የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ሊያደርሱት ይችላሉ።

የኖራው መጠን የሚወሰነው በምርመራው ውጤት ነው፤ በእናንተ ዓይነቱ አፈር ላይ በተለምዶ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ ማለትም በቃዳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ይታሰባል። ለአራት ቃዳ ስታሰሉት አርባ ኩንታል ሊደርስ ነው፤ ይህን በአህያ ሁለት ሰዓት ማጓጓዝ ምን ማለት እንደሆነ እረዳለሁ። ለዚህም ሲባል አነስተኛውን መንገድ እመክራለሁ፤ ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ከሩቡ ያልበለጠውን በየዓመቱ በመስመር፣ ዘሩ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ መጨመር ይቻላል። ሙሉውን የምትበትኑ ከሆነ ግን ከመዝራታችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ በግንቦት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት በትናችሁ ወዲያውኑ እረሱት፤ አፍና አፍንጫን መሸፈን አይዘንጋ። ኖራን ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትጨምሩ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ዩሪያ ራሱ በየዓመቱ ሲጨመር አፈርን የሚያኮመጥጥ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም።

ለወንድምዎ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድንች ኮምጣጣ አፈርን ከገብስ በተሻለ ይችላል፤ እንዲያውም ኖራ በተጨመረበት ዓመት ድንች መትከል ልጣጩን የሚያሻክር በሽታ ይጋብዛል። ስለዚህ ኖራና ድንች በአንድ ማሳ በአንድ ዓመት አይገናኙ። ኖራው ለገብሱ፣ ለስንዴውና ለባቄላው ይሁን።

መልስ፦ ከሰል ጫኝ

እኔ ከአዊ ወደ አዲስ አበባ ከሰል በማጓጓዝ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባህር ዛፍ ተክላችሁ ከሰል ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ የዲከረንስን ዋጋ በልባችሁ ይዛችሁ አታስሉ። የባህር ዛፍ ከሰል ቀላልና ቶሎ አላቂ ነው፤ የአዲስ አበባ የቤት እመቤት አንድ ቀን ከገዛችው በኋላ በሚቀጥለው ቀን ትጠይቅሃለች። ለአጣናና ለቋሚ ከሆነ ገበያ አለው፤ ነገር ግን እንጨቱን ከማሳችሁ እስከ መኪና መንገድ ማን ያወጣዋል? ከሰል በአህያ ይጫናል፤ የስምንት ሜትር ቋሚ በአህያ አይጫንም። መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት ደግሞ ከሰልም ሆነ አጣና ቆሞ ይውላል፤ ድንች ግን ይበሰብሳል። ወንድምህ ይህችን ሳይረሳ ያስላ።

ጠያቂ፦ የአዊ ልጅ ከባህር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ይህን አንብቦ «አራቱንም ቃዳ ድንች» ያለውን ወደ ሁለት አወረደው። ሁለት ጥያቄዎች ግን ቀርተውናል። አንደኛ፣ በአካባቢያችን የዛፉ ዋግ ወደ ስንዴውና ወደ ገብሱ ይሻገራል የሚል ወሬ ስላለ አባቴ በሽተኛው ዛፍ አጠገብ ምንም አልዘራም ብለዋል፤ ይህ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ በዚህ ክረምት አዲስ የዲከረንስ ችግኝ ብንተክል ይተርፍልናል? ችግኝ ሻጮች «አዲሱ ዝርያ በሽታ አይነካውም» እያሉ ነው።

መልስ፦ ደን አጥኚ

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ፦ አይሻገርም። በአማርኛ ሁለቱንም ዋግ ብለን ስለጠራናቸው አንድ መሰሉን እንጂ፣ የስንዴ ዋግና የዲከረንስ ዋግ የተለያዩ የፈንገስ ዝርያዎች ናቸው። ዋግ የሚባሉት ፈንገሶች በተፈጥሯቸው አስተናጋጅ የሚመርጡ ናቸው፤ የዛፉን የሚያጠቃው ከግራር ወገን አይወጣም። አባትዎ ያለ ሥጋት ይዝሩ። ስንዴያቸው ዋግ ቢይዘው ከሌላ ስንዴ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እርስዎ እጅዎ ላይ ያዩት በርበሬ መሰል ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ለጋ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል። የአዊ ደጋ ክረምት ለዚህ እንደ ተሠራ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ከወረዳ ወረዳ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በተቀራረበ ዕድሜ፣ ያለ ክፍተት ተተክሏል፤ በሽታው አንድ በር ሲከፈትለት ሁሉም ቤት ተከፈተለት። በደቡብ አፍሪካ በኳዙሉ ናታል ግዛት ይህ ዓይነቱ ዋግ በእ.ኤ.አ. 2013 የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ በሆነው ዛፍ ላይ ታይቷል፤ እዚያ ትልልቅ እርሻዎች ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በመርጨት ይከላከላሉ። የእናንተ አራት ቃዳ ግን የመድኃኒቱንና የመርጫውን ወጪ አይችልም፤ ቁመቱ ከጣሪያ ያለፈ ዛፍ በጀርባ በሚታዘል መርጫ አይደረስበትም።

ስለ «አዲሱ ዝርያ» የሻጩን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትግዙ። ችግኙ የበቀለበትን ዘር ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደሰበሰበ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ዝርያው አዲስ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ሥራ በእጃችሁ አለ። ከመቁረጣችሁ በፊት ማሳውን በዝግታ ዙሩት። በሽታው በደንብ በተስፋፋበት መካከል ቅጠሉን ይዞ የቆየ ዛፍ ካገኛችሁ አትቁረጡት፤ ምልክት አድርጉበት። ዕድሉ ሆኖ ያመለጠ ሊሆን ይችላል፤ መቋቋሚያ ኖሮትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ቀጣዩ ክረምት ነው። ሁለት ክረምት ተፈትኖ የተረፈ ዛፍ ዘር ከገበያ ዘር በእጅጉ ይሻላል።

ከከሰሉ በኋላ መሬቱ ላይ የሚፈላው ቡቃያም አያታልላችሁ። የግራር ዘር እሳት ሲነካው ይነቃል፤ የክምሩ ዙሪያ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ያ ቡቃያ ለጋ ስለሆነ ዋጉ መጀመሪያ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው፤ በእርሻ ጊዜ አጥፉት። ዛፍ የግድ ካስፈለገ የእንጅባራ አካባቢ የሚታወቅበት የደጋ ቀርከሃ ለቦረቦር ዳር ይሆናል፤ ቶሎ ገንዘብ ባይሆንም አፈር ይይዛል። ትሪ ሉሰርን ደግሞ በአጥር ዳር ተተክሎ ለከብት መኖ ይታጨዳል። አባትዎ ስለ ባህር ዛፍ ለሚያነሱት ነገር ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ እርሱም የመጣው ዲከረንስ ከመጣበት ከአውስትራሊያ ነው፤ አራት ቃዳ ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መትከል በዲከረንስ የደረሰውን በሌላ ስም መድገም ነው።

መልስ፦ ችግኝ አፍይዋ

ስለ ችግኝ ሻጮች የተባለው ስላመመኝ ነው የምጽፈው፤ እኔ ራሴ ለሰባት ዓመት የዲከረንስ ችግኝ አፍልቼ ሸጫለሁ። ዘሩን የፈላ ውኃ አፍስሼበት፣ ሌሊቱን አሳድሬ፣ በኅዳር ወንዝ ዳር መደብ ላይ እዘራለሁ፤ እስከ ሰኔ በየቀኑ ማታ ማታ በጄሪካን አጠጣለሁ። በአካባቢያችን ይህ በአብዛኛው የሴቶች ገቢ ነበር፤ ባል ሳይጠየቅ ጨውና የልጅ ደብተር የሚገዛበት። ባለፈው ዓመት ያፈላሁትን የሚገዛኝ አጥቼ መደቡን በአካፋ ገልብጬ ጎመን ተከልሁበት። የሚዋሽ ሻጭ መኖሩን አልክድም፤ ግን ከሚዋሸው ይልቅ ዘሩ ከየት እንደመጣ ጠይቆት የማያውቀው ይበዛል፤ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

የአዊ ልጅ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአባትህ ሐሳብ አለ፣ የወንድምህ ሐሳብ አለ፣ የባለሙያው አለ፤ እናትህ ምን አሉ? የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም ካለ እርሳቸውም ባለ መሬት ናቸው። ለሥርዓት ብዬ አይደለም የማነሣው። ዲከረንስ ከመጣ ወዲህ እናትህ የሚያነዱት ምን ነበር? ቅርንጫፉንና ጉቶውን ነው። ያ ሲያልቅ ወደ ኩበት ይመለሳሉ። ኩበቱ ምድጃ ከገባ ፍግ ሆኖ ማሳ አይወጣም። የአፈር ባለሙያው ኖራ ይጨመር ይላሉ፤ ልክ ናቸው፤ ግን በአንድ በኩል ኖራ እየተሸከማችሁ በሌላ በኩል ፍጉን ብታነዱት መሬቱ ምን ይጠቀማል? ስለዚህ ማገዶውን በሒሳቡ አስገቡ። ቢያንስ የጉቶው ማገዶ ተሰብስቦ በመጠለያ ይከመር፤ ለአንድ ዓመት ተኩል ይሆናችኋል፤ እስከዚያው ዳር ዳሩ ላይ የተተከለ ነገር ይደርሳል።

መልስ፦ የአፈር ባለሙያ

እህታችን ያነሱት የማገዶና የፍግ ነገር እኔ መዝለል ያልነበረብኝ ነው። ፍግ በራሱ የአሉሚኒየሙን ጉዳት ያለዝባል፤ ኖራ በጠፋበት ዓመት ደግሞ የቤት አመድ ከምንም ይሻላል። አመዱን ከቤት ደጅ ከመድፋት ይልቅ ዝናብ በማያገኘው ቦታ በጆንያ እያጠራቀማችሁ በግንቦት ለጓሮው ገብስ በትኑት። ለአራት ቃዳ አይበቃም፤ ለአንድ መደብ ግን ይበቃል።

መልስ፦ ገበሬው ከባንጃ

ልጄ ስታነብልኝ የረሳሁት ትዝ አለኝ። ድንች ለምትተክሉበት ቃዳ አምስት ኩንታል ያህል የዘር ድንች ያስፈልጋል፤ ዘሩን ከገበያ አታንሱ። ጉዳኔ ወይም በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች ካሏቸው የታወቁ ዘር አምራቾች ውሰዱ፤ የምታውቁትም ሰው ቢሆን የነበረበትን ማሳ በዓይናችሁ እዩ። አጠውላጊው በሽታ አንዴ ከገባ መሬቱን ለዓመታት አይለቅም፤ በአንድ ማሳ ላይም ድንችን በድንች አታከታትሉ። ከሰል ጫኙ ስለ መንገዱ የተናገረው እውነት ነው፤ እኔ አምና ያወጣሁትን ግማሽ ዋጋ ሲወድቅ ሳልሸጥ፣ ለዘር የሚሆነውን ብርሃን በሚገባበት ቆጥ ላይ ዘርግቼ አተረፍሁት።

ጠያቂ፦ የአዊ ልጅ ከባህር ዳር

ትናንት ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ረጅም ጊዜ ስለተነጋገርን የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። ከሰል አክሳዮቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ። ወንድሜ ከአራቱም ቃዳ የየራሱን አፈር ወስዶ ጥላ ሥር አስጥቶታል፤ አባቴ ደግሞ «ለማወቅ ያህል» ብለው ከከሰሉ ክብ ላይም አንድ ፌስታል ለብቻ አስወስደዋል፤ ስለዚህ አምስት ናሙና ይዤ ወደ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ። ለጊዜው የተስማማነው አንድ ቃዳ ድንች፣ አንድ ቃዳ ግብጦ፣ አንድ ቃዳ ደግሞ ጤፍ ሆኖ ኖራውን ገዝተን በመስመር እንድንጨምርበት ነው። ባህር ዛፉን አባቴ ጨርሰው አልተዉትም፤ ከድንበርተኛ የሚርቀውን የቦረቦሩን ዳር ጠይቀዋል፤ እኛም እሺ ብለናል።

አራተኛው ቃዳ ላይ ክርክሩ አላለቀም። እናቴን ጠየቅኋት። በመጀመሪያ «እኔን ማን ጠየቀኝ» ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ያንን ቃዳ እንዳትነኩ አለችን። በኅዳር ማገዶ ስትለቅም ቅጠላቸውን ያላራገፉ ዛፎች አይታ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለቱን እየቀደደች ግንዳቸው ላይ አስራበታለች። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ሄዶ ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።